ወገብ ነው ተብሎ የከረመው የዳሌ ህመም
ባህር ዳር ፊዚዮቴራፒ ላይ ነው የምሰራው። ሰሞኑን ጣና ዳር ዓሣ ቤት የምትሰራ የ26 ዓመት ልጅ መጣች፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ ቆሮሶ ስትበልት ነው የምትውለው። ወገቧን ብርድ መቷት ነው ተብሎ ወጌሻ አሽቷታል፣ ኤክስሬይም ተነስታ "ስብራት የለም" ተብላ ተሸኝታለች። የቱ ጋ ነው የሚያምሽ ስላት ግን እጇ የሄደው ቀኝ ብሽሽቷ ላይ ነው። በቀኝ እግርሽ ብቻ ቁሚ አልኳት፣ የግራ ዳሌዋ ወረድ አለ፣ የቀኝ ዳሌዋ ጡንቻ በደንብ አልያዘላትም ማለት ነው።

ፊልሙን ሳየው ተኝታ የተነሳችው አንድ ጎን ብቻ ነው። ቆማ ሁለቱም ዳሌ እንዲነሳ አስደረግንና ከኦርቶፔዲክ (የአጥንት) ሐኪሙ ጋር የዳሌው ጎድጓዳ የጭን አጥንቷን ራስ ምን ያህል እንደሸፈነው የሚያሳየውን አንግል ለካነው፣ ጤነኛ ሰው ላይ ከ25 ዲግሪ በላይ ነው፣ ከ20 በታች ዲስፕሌዢያ ይባላል፣ የሷ 16 ወጣ። የጭን አጥንቷን ራስ የሚያቅፈው ጎድጓዳ ጥልቀት የለውም ማለት ነው። በአንድ እግር ስንቆም ዳሌያችን ላይ የክብደታችን 2 እጥፍ ተኩል ገደማ ጭነት ያርፋል፣ ያ ሁሉ ጠርዝ ላይ ባለች ትንሽ ቦታ ላይ ሲያርፍ ካርትሌጁን (የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነውን ልስልስ ሽፋን) ቀስ በቀስ ይበላዋል። ክፋቱ ደግሞ ካርትሌጅ ነርቭ የለውም አይጮህም፣ የደም ስርም ስለሌለው በቀላሉ አይጠገንም፣ ለዛ ነው ይሄ ችግር ያለባቸው ብዙዎቹ ገና በወጣትነታቸው አርትራይተስ ይዟቸው የሚመጡት። ወጣት ሰው ብሽሽቴን እያለ ወገብ እያሹ ጊዜ ማቃጠል በጣም ያሳዝነኛል።

የሷ ደግነቱ የመገጣጠሚያው ክፍተት ገና አልጠበበም። ጎድጓዳውን ቆርጦ የሚያዞረው ኦፕራሲዮን (ስዊዘርላንድ በርን ከተማ ጋንዝ የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1988 እ.ኤ.አ. ያሳተመው) የሚጠቅመው ካርትሌጁ ሳያልቅ ነው፣ ካለቀ በኋላ የሚቀረው መገጣጠሚያውን መቀየር ነው። ሪፈር ተጻፈላት።

እናቷ የልጅ ልጃቸውን አዝለው ነበር የመጡት። ስለ ልጃቸው አወላለድ ስጠይቃቸው "የመጀመሪያ ልጄ ናት፣ በእግሯ ነው የመጣችው፣ እግሯን ቀጥ አድርጌ ነበር የምጠቀልላት" አሉኝ። ሴት፣ በኩር፣ በእግር የመጣች፣ ሁሉም ለዚህ ችግር የሚያጋልጥ ነው፣ በቤተሰብም ይሄዳል፣ ስለዚህ ህፃኗ ገና 4 ወሯ ስለሆነ አልትራሳውንድ እንድትታይ አዘዝንላት። "ማዘሉንም ልተው እንዴ ልጄ?" ሲሉኝ ኧረ በፍጹም እማማ፣ እግሯ ተከፍቶ ወገብዎን ስለሚያቅፍ ለዳሌዋ ጥሩ ነው፣ የሚተውት እግሯን ቀጥ አድርጎ መጠቅለሉን ነው አልኳቸው።