ቆራጭ አጠገብ ትረካ አይከፈትም

የምሠራው የሐበሻ ልብስ ስፌት ቤት ነው፤ ጠላፊ ነኝ። በኛ ሥራ እጅና ዓይን አያርፉም፣ ጆሮ ግን ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈት ነው። ዘፈን ስንከፍት አንዱ ይወዳል፣ ሌላው ያኮርፋል። ጾም ሲገባ ዘፈኑ ይዘጋ ይባላል፤ መዝሙር እንዳይከፈት ደግሞ የሁላችን እምነት አንድ አይደለም። አንድ ቀን አንዷ ልጅ ከስልኳ በስፒከር የመጽሐፍ ትረካ ለቀቀች፣ ያን ቀን ማንም ከማንም ጋር አልተጨቃጨቀም፣ ከዚያ ወዲህ ትረካ የቤቱ ወግ ሆኖ ቀረ።

ገጠመኙ የደረሰው ጥር ላይ ነው። ጥር ለኛ እንቅልፍ የሌለበት ወር ነው፣ ጥምቀትና ሠርግ ተደራርበው ይመጣሉ። የስድስት ሚዜዎች ቀሚስ ተረክበን ነበር። ጨርቁ የእጅ ፈትል ነው፣ ጥለቱም ለነሱ ብቻ ተብሎ ሸማኔ ጋ ታዝዞ የተሠራ። እንዲህ ያለ ጨርቅ ከተበላሸ ሱቅ ሮጦ መተካት የለም። ሸማኔው እንደገና ድር አድርቶ፣ ቀለሙን አመሳስሎ መሥራት አለበት፣ ሠርጉ ደግሞ ደርሷል።

የዚያን ዕለት የተከፈተው ትረካ ጎበዝ ተራኪ ያነበበው ነበር። አይጮህም። ነገሩ ሲከር እንደውም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ያኔ ሰው ሁሉ ጆሮውን ያቆማል። አንድ ሰው ቤት ውስጥ ተደብቆ፣ ሊገድለው የመጣው ሰው በሩን እየገፋ ያለበት ቦታ ላይ ደርሰናል። የስፌት መኪናዎቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ይህኔ አሠሪያችን (ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው) ደጅ ስልክ ሲያወሩ ቆይተው ገቡና ቆራጩን "ጋሼ፣ የረጅሟ ሚዜ ቁመት ላይ አምስት ሳንቲ ይጨምሩ፣ ታኮ ጫማ ልታደርግ ነው" አሏቸው። ጋሼ "እሺ፣ እሺ" አሉ። እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መቀሱ ግን በድሮው ልክ ሄደ።

እትዬ ተመልሰው ሜትር ሲያሳርፉበት ጨርቁ አጥሯል። ቤቱ ጸጥ አለ። ጋሼ ፊታቸው ተለዋወጠ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ መቀስ የያዙ ሰው ናቸው፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስባቸው ያየ የለም። ደግነቱ የአጭሯ ሚዜ ጨርቅ ገና አልተነካም ነበር። የተቆረጠውን ለእሷ አድርገን፣ የእሷን ለረጅሟ ሰጠን፤ ሠርጉም ሳይጓደል አለፈ። አጭሯ ባትኖርስ ብዬ ሳስብ ግን አሁንም ሆዴ ይረበሻል።

በማግሥቱ ስፒከር ተከለከለ። እኔ ክልከላው ልክ አልመሰለኝም፣ አሁንም አይመስለኝም። አንዳንዱ ጋሼን ዝንጉ አላቸው፣ እሱም ልክ አይደለም። ቆራጭ ቁጥር ነው በጭንቅላቱ የሚይዘው። ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት፣ ለስፌት የሚተወው፣ ጥለቱ የት እንደሚያርፍ፣ ይኼን ሁሉ ይዞ ነው መቀስ የሚያነሳው። ጥሩ ትረካ ደግሞ የሚፈልገው ያንኑ ቦታ ነው። የኔ እጅ ግን ጥልፉን ለምዶታል፣ አንድ መስመር ከጀመርኩ መርፌው መንገዱን ያውቃል። ታሪክ ብሰማ የምሠራው አይበላሽም፣ እንዲያውም ሳልነሳ ነው የምውለው።

ስፒከሩ ሲጠፋ ሁሉም የየራሱን ኢርፎን ሰካ። ይኼ ደግሞ ባሰ። በስፒከር ስንሰማ ቢያንስ ሁላችንም እኩል እንሰማለን፣ አንዷ "ዝም በሉ፣ እትዬ እየጠሩ ነው" ትላለች። በኢርፎን ግን ሰው አጠገብሽ ቆሞ ቢጠራሽ አትሰሚም። ደንበኛ በር ላይ ቆማ የሚያስተናግዳት አጥታ ሲያዩ እትዬ ራሳቸው ተማረሩ። ያኔ ነው ቀርቤ ያነጋገርኳቸው። እትዬ፣ ቆረጣው ጠዋት በጸጥታ ይለቅ፣ ከምሳ በኋላ ጥልፍና ዝምዝማት ብቻ ሲሆን ትረካ ይከፈት፣ በስፒከር ይሁን፣ ኢርፎን ይቅር አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "መጀመሪያ የምትሰሙትን እኔ ልስማው" አሉ።

የከፈትኩላቸው ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን ፍቅር እስከ መቃብርን ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፣ ግን መጽሐፉን በእጃቸው ሳይዙ በወጋየሁ ድምፅ የሚያውቁት ስንት ሰዎች አሉ! እትዬም ከነዚያ አንዷ ኖረዋል። ልጅ ሆነው ጎረቤት ሬዲዮ ዙሪያ ተቀምጠው ነው የሰሙት። ገና ድምፁ ሲጀምር "ወጋየሁ!" ብለው በርጩማ ስበው ቁጭ አሉ፣ ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡም ሳቁ።

ትረካ ምረጡልኝ ለሚለኝ ሰው ሁሉ ከዚህ ጀምሩ የምለው ለትዝታው ብዬ አይደለም። ወጋየሁ የመድረክ ተዋናይ ነበር፣ ግን በትረካው ላይ ትወናውን አያበዛም። ጉዱ ካሳ ሲናገር ጉዱ ካሳ መሆኑ "አለ" የሚለው ቃል ሳይደርስ ይገባችኋል፣ ለዚያ ብሎ ግን ድምፁን አያጣምምም። ፍቃዱ ተክለማርያምም እንዲሁ ነው፣ ረጋ ብሎ፣ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ፣ ትንፋሽ ሰጥቶ ያነባል። ሁለቱን ከሰማችሁ በኋላ አዲሶቹን መመዘን ቀላል ነው።

አዲሶቹም ውስጥ በጣም የምወዳቸው አሉ። አሁን እንደ ተራኪ ያሉ የስልክ አፖች ላይ በሥርዓት የተቀዳ መጽሐፍ ይገኛል፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይማ ሞልቷል። ቴሌግራም ላይ የማልወደው ነገር ብዙ ጊዜ የተራኪው ስም አይጻፍም፣ የደራሲው ፈቃድ መኖሩም አይታወቅም። ያን ያህል ሰዓት ጉሮሮውን የሰጠን ሰው ስሙ ሊጠራ ይገባል። አቅም ያለው ሰው ደግሞ ገዝቶ ይስማ፣ ደራሲም ተራኪም በልቶ ነው የሚያድረው።

የኔ አመራረጥ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የማየው ተራኪውን ነው፣ መጽሐፉ ቀጥሎ ይመጣል። ከሥር ሙዚቃ የሚያበዙትን አልፋለሁ፣ የስፌት መኪና ድምፅ ሲጨመርበት ቃሉ አይለይም። በየገጹ የሚያለቅስ ተራኪም ቶሎ ያደክማል፣ ማዘኑን ለኛ ቢተውልን ይሻላል። የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል አምታቶ የሚያነብ ሰው መጽሐፉን አስቀድሞ እንዳላነበበው ይታወቅበታል። ወጣቶቹ ደግሞ ፍጥነቱን ጨምረው የሚሰሙት ነገር አለ። ለዜና ይሁን፣ ግድ የለኝም፣ ልብ ወለድ ላይ ግን ተራኪው አስቦ ያስቀመጠውን ዝምታ ነው የሚበሉበት። ለሥራ ቦታ ምዕራፉ አጠር ያለ፣ ሰዎቹም ያልበዙበት መጽሐፍ ይስማማል፣ አንዷ ለደንበኛ ተነስታ ስትመለስ ታሪኩ እንዳይጠፋባት። ግጥም ግን ሥራ ላይ አይሆንም፣ እሱን ማታ ቤቴ ስገባ ብቻዬን ነው የምሰማው።

አሁን ደንቡ ከመቁረጫው ጠረጴዛ በላይ ተጽፎ ተለጥፏል፤ ጠዋት ቆረጣ፣ ከሰዓት ትረካ። ልብስ ሊለኩ የሚመጡ ደንበኞች ከሰዓት ቢመጡ ይወዳሉ። ባለፈው አንዲት እናት ልኳ ከተወሰደ በኋላ ምዕራፉ እስኪያልቅ ተቀምጣ፣ "የሚያነበው ማነው?" ብላ ጠይቃ ስሙን በስልኳ ይዛ ሄደች። ጋሼም ቆረጣቸውን ሲጨርሱ ቁልፍና መርፌ ይዘው መሃላችን ይቀመጣሉ፣ ያመለጣቸውን እየጠየቁን።

አሁን የምፈልገው ሴት ተራኪዎች ያነበቧቸውን ረጃጅም ልብ ወለዶች ነው፣ እስካሁን ያገኘኋቸው ጥቂት ናቸው። የሰማችሁት ካለ ከመጽሐፉ ርዕስ ጋር የተራኪዋንም ስም ንገሩኝ።