የሻወሩ ውሃ ለኒሞቹ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ አንድ አነስተኛ የስፖርት ማዘውተሪያ አስተዳድራለሁ። አንድ የኳስ ሜዳ፣ አንድ ቮሊቦል፣ ጥቂት ሻወሮች። በድሬ ሙቀት ከ10 ሰዓት በፊት ዝር የሚል የለም። ከዚያ በኋላ ግን ሜዳው ይሞላል፤ ሁሉም ታጥቦ ነው የሚወጣው። ያ ሁሉ ውሃ በር ላይ ይተኛል። እዚያው አጠገቡ የተከልናቸው የኒም ዛፎች ደግሞ በጥም ቅጠላቸው ይጠወልጋል። ያንገበግበኝ ነበር። ከተማችን የምትጠጣው ከመሬት ሥር የሚወጣ ውሃ ነው፤ እንዲህ ሲፈስ ማየት ያማል።

ዘበኛችን አባባ ነገሩን በአንድ አፍ ጨረሱት፦ «አቦ፣ ዛፉ ይጠጣ እንጂ! መንገዱ ምን ያደርግለታል?»

ከሻወሩ ጀርባ ጉድጓድ ቆፈርን። ከታች ትልልቅ ድንጋይ፣ መሀል ላይ ጠጠር፣ ከላይ አሸዋ። መግቢያው ላይ ፀጉር የሚይዝ ወንፊት አሰርን። የሽንት ቤቱ መስመር ከዚህ ጋር በፍጹም አይገናኝም። ተጣርቶ የሚወጣው ውሃ በትንሽ ቦይ ወደ ዛፎቹ ሥር ይሄዳል፤ ቦዩን በደረቅ ቅጠል ሸፈንነው። ውሃውን በርሜል ውስጥ አናከማችም። በዚህ ሙቀት ካደረ ይሸታል።

ቀዳዳ ያለው የጠብታ ቱቦ ይሻላል ያሉኝ ነበሩ። ድሬ ውስጥ ሻይ ያፈላ ሁሉ ግን ማንቆርቆሪያው ሥር የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያውቀዋል። ያ ኖራ ከሳሙና ጋር ሆኖ ቀዳዳዎቹን ለመድፈን ጊዜ አይፈጅበትም። ቦይ ቢዘጋ በአካፋ ይጠረጋል።

ከቁፋሮው ይልቅ ሰውን ማስለመዱ ይከብዳል። በረኪና ቦዩ ውስጥ መግባት የለበትም። ዱቄት ሳሙናም ጨው አለበትና ማሊያ ማጠቢያውን ለየነው። የጽዳት ሠራተኛችን አፈሩን በጣቷ ጫር እያደረገች ታየዋለች። ነጭ ቅርፊት ካየች ንጹህ ውሃ እንለቅበታለን፣ ጨው እንዲታጠብ። ከእሷ የተሻለ ተቆጣጣሪ አላውቅም።

ሜዳውን የምንረጭበትን ሰዓትም ቀየርን። በቀትር የተረጨ ውሃ ተጫዋች ሳይመጣ ይተናል፣ አቧራው ያው ነው። አሁን ጨዋታ ሊጀመር ሲል ብቻ፣ ያውም ሩጫ የሚበዛበትን የሜዳውን መሀል እንረጫለን።

ቀጣዩ ሥራችን ከመልበሻ ክፍሎቹ ጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ በታንከር መያዝ ነው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1 ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ 100 ካሬ ጣሪያ ከ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ እስከ 1,000 ሊትር ይሰጣል። የድሬ ዝናብ ደግሞ ጠባዩ ይታወቃል፤ የደቻቱ ወንዝ ከርሞ ከርሞ አሸዋ ብቻ ይሆንና ደጋው ላይ ሲዘንብ በአንዴ ይመጣል። የ1998ቱን ጎርፍ የረሳ ድሬ ውስጥ የለም። ስለዚህ ከታንከሩ የሚተርፈው ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይሄድ ትርፉን የሚያሰርግ ሌላ ጉድጓድ ከወዲሁ እየቆፈርን ነው።