ከሞት ወደ ሠርግ፦ የደሴ ባልና ሚስትን በመዝገብ ስፈልግ

ደሴ ላይ የኖሩ የድሮ ባልና ሚስትን ታሪክ ለማውጣት ስነሣ የጋብቻ ወረቀት ፍለጋ አልገባሁም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሰው በሽማግሌ ፊት ሰማንያ ይፈራረማል፣ በሼህ ፊት ኒካ ያስራል፣ ወይም ይቆርባል፤ ወረቀት ቢኖር እንኳ ያለው ሣጥን ውስጥ ነው። ስለዚህ ከመጨረሻው፣ ከሞት ጀመርኩ።

ከሁሉም የጠቀመኝ የወራሽነት ማረጋገጫ መዝገብ ነው። ሰው ቤት ትቶ ሲሞት ልጆቹ ለፍርድ ቤት ያመለክታሉ፤ የሟች ስም፣ የሞተበት ቀን፣ የልጆቹና የባለቤቱ ስም ይሰፍራል፤ ምስክሮችም ዝምድናውን ይናገራሉ። ቤተሰቡ የማያወራው የመጀመሪያ ትዳርና በእናት ወይም በአባት ብቻ የሚገናኙ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ብቅ የሚሉት እዚህ ነው። በስም ብቻ ሄዶ «ፈልጉልኝ» ማለት ግን ዋጋ የለውም፤ መዝገብ ቤት የሚሠራው በመዝገብ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የውሳኔው ግልባጭ ራስጌ ላይ አለ፤ ግልባጩ ደግሞ ወራሾቹ ጋ ከቤቱ ካርታ ጋር ተጣጥፎ ይቀመጣል። ሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ታይቶ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱም ጋ መጠየቅ ነው። በ2014ቱ ጦርነት ሰነድ የጠፋባቸው ቢሮዎች ስላሉ፣ ትራንስፖርት ከመያዝ በፊት መደወል ይሻላል።

የሚያስቸግረው ሚስትን ማግኘት ነው። እኛ ዘንድ ሴት የባሏን ስም አትይዝም፤ በአባቷ ስም ነው የምትፈለገው። እድር መዝገብ ላይ አባሉ ባል ከሆነ እሷ «ባለቤት» ብቻ ተብላ ታልፋለች። የመዋጮው መስመር ላይ የባል ስም ተሰርዞ የእሷ ስም በሌላ ቀለም የተጻፈበት ወር ካለ ግን ሁለት ነገር ባንዴ ተገኘ፦ የባል ሞት ወርና የሚስት የአባት ስም። ባል ጡረተኛ ከነበረ ለተተኪ ጡረታ የቀረበው ማስረጃም ሁለቱን ስም ይዟል። ገጠር መሬት ያላቸው ከሆኑ የይዞታ ደብተሩ ላይ የሁለቱ ፎቶ ጎን ለጎን አለ።

ስም ደግሞ አንድ አይደለም። መጠሪያዋ፣ የክርስትና ስሟ፣ አማቷ ያወጣችላት ስም፤ በወሎ ደግሞ ለትዳር ሃይማኖት የለወጠ ሰው ሌላ ስም ይጨምራል። እድሪስ፣ ኢድሪስ፣ እንድሪስ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። «ሐ» እና «ሀ»፣ «ሠ» እና «ሰ»፣ «ዐ» እና «አ» እንደ ጸሐፊው ፈቃድ ይቀያየራሉ። ፍለጋ ሳልወጣ የስሙን አጻጻፎች በሙሉ ባንድ ወረቀት እጽፋለሁ።

አዛውንትን «መቼ ተጋቡ?» ብሎ መጠየቅ ትርፉ «ድሮ ነው» የሚል መልስ ነው። «የመጀመሪያው ልጅ ሲወለድ ጣሊያን ገብቶ ነበር?» ሲባሉ ግን ያስታውሳሉ። ለደሴ የሚሠሩ መለኪያዎች አሉ፦ የሰገሌ ጦርነት (ጥቅምት 17 ቀን 1909)፣ የኅዳር በሽታ (1911)፣ ደሴ በአውሮፕላን የተደበደበችበት ቀን (ኅዳር 26 ቀን 1928)፣ የ1966ቱ ረሃብ። «በዘመነ ሉቃስ» የሚል ከተገኘ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ማካፈል ነው፤ ቀሪው 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ 0 ዮሐንስ። 1927 ሲካፈል 3 ይቀራል፤ 1928 ግን ያለ ቀሪ ይካፈላል፣ ስለዚህ ሉቃስ ሊሆን አይችልም።

የኒካ ወረቀት በሒጅራ ከተጻፈ አንድን ዓመት ባንድ ዓመት መተካት ያሳስታል። 1354 ሒጅራ ከመጋቢት 1927 መጨረሻ እስከ መጋቢት 1928 አጋማሽ ይዘልቃል፤ ወሩ ካልታወቀ ሁለቱንም ዓመት መያዝ ነው። መታወቂያ ላይ ያለው ዕድሜ በ0 ወይም በ5 ካለቀ ግምት ነው ብዬ 5 ዓመት ወደ ፊትም ወደ ኋላም እተውለታለሁ።

የባልን ወገንና የሚስትን ወገን ለየብቻ አነጋግሬያለሁ። አንድ ላይ ሲቀመጡ ሰባት ቤት የሚቆጥረው ጎበዝ የሌላውን አፍ ይዘጋል፤ እሱ የሚያውቀው ደግሞ የራሱን ወገን ሐረግ ነው። የሰማሁትን ሁሉ በሦስት ዓምድ ጻፍኩ፦ ዓመት፣ ድርጊት፣ ማን አለው ወይም የት ተጻፈ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የሆነ መስመር ሐረጉ ላይ አልገባም። ሁለት መዝገብ ሲጋጭ ለድርጊቱ በጊዜ የቀረበውን በቀለም፣ ሌላውን ከጎኑ በእርሳስ ጽፌ አቆየዋለሁ።