«ነፋስ ነው» ያልኩት ቱንቢ

የግንባታ ፎርማን ነኝ። ባለፈው ዓመት የካቲት ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ጂ ፕላስ ዋን ቤት እያሠራሁ ሳለ የአንድ ወጣት ግንበኛ ግድግዳ አስፈረስኩ። ግድግዳው ቀጥ ያለ ነበር። ጠማማው ዓይኔ ላይ ያለው መነጽር ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ቀን ሁለት ሳምንት ተኩል ቀደም ብሎ ነው። ማታ ማታ ግንባሬን ሰቅዞ የሚይዘኝ ራስ ምታት ስለበረታ ባለቤቴ «ዓይንህን ታየው» ብላ ወተወተችኝ። ሄድኩ። የመረመረችኝ ባለሙያ አስቲግማቲዝም እንዳለብኝ ነገረችኝ፤ የዓይኔ ብሌን እንደ ኳስ እኩል ክብ መሆን ሲገባው እንደ እንቁላል ጎን ሞላላ ነው ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ለሁለቱም ዓይኖቼ ሲሊንደር 2.00፣ አክሲስ 180 ተብሎ ተጻፈ፤ ሲሊንደር የእርማቱ መጠን፣ አክሲስ ደግሞ ሌንሱ የሚቀመጥበት አቅጣጫ በዲግሪ ነው። መነጽር ቤት ገብቼ ቀለል ያለ፣ ቀጭን የብረት ክብ ፍሬም መረጥኩ። ሲያስረክቡኝ «መጀመሪያ ላይ ወለሉ ዘንበል ያለ ሊመስልዎት ይችላል። ይለመዳል፤ አንድ ሁለት ሳምንት ይታገሱ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። እንዲህ ያለ ሌንስ በአንድ አቅጣጫ ከሌላው አቅጣጫ በተለየ ያጎላል፤ አእምሮም ዕድሜ ልኩን የለመደውን ትቶ አዲሱን እስኪቀበል ጊዜ ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት መሬቱ ወደ እኔ ከፍ ብሎ የመጣ ይመስለኝ ስለነበር ደረጃ ስወጣ እግሬን ከልክ በላይ አነሳ ነበር። በስድስተኛው ቀን ግን ማለዳ ሳይት ደርሼ ወደ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ቀና ስል የመስኮቶቹን ጠርዝ አንድ በአንድ ለየሁ። ራስ ምታቱም ለቀቀኝ። እንደዚያ ጥርት ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ቆሜ ቀረሁ።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ማዞሩ ተመልሶ መጣ። ልጠራጠር የሚገባኝ ያኔ ነበር። አንዴ የተለመደ ነገር ተመልሶ እንግዳ የሚሆነው ለምንድነው? ግን «ይለመዳል» የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ስለቀረ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። ባለቤቴም፣ ወንድሜም፣ አሠሪውም «ታገስ» አሉኝ። የየካቲት ነፋስ የሳይቱን አቧራ ሲያነሳ ደግሞ በቀን አሥር ጊዜ መነጽሩን አውልቄ በሸሚዜ ጫፍ አሻሻለሁ።

ያን ቀን ልጁ ከምድር ቤቱ የጓሮ ክፍል ባለ 20 ሳንቲ ብሎኬት እየደረደረ ነበር። ዕድሜው 23 ቢሆን ነው፤ እጁ ፈጣን፣ አፉ ቁጥብ። የሚከፈለው በካሬ ነው። ከሰዓት በኋላ ስደርስ አሥረኛውን ረድፍ እየጨረሰ ነው። ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብዬ ስመለከት የግድግዳው አናት ወደ እኔ ዘንበል ብሏል። ጥቂት አይደለም፤ ሊወድቅብኝ የመጣ መሰለኝ።

«ይሄ ምንድነው? አይታይህም?»

«ምኑ ጋሼ?»

«አናቱ ወጥቷል!»

ልጁ ምንም አልመለሰም። ቱንቢውን፣ ያንን በሲባጎ የሚንጠለጠል የቀጥታ መለኪያ ክብደት፣ አመጣ፣ ከላይ ሚስማር ላይ አሰረው፣ ለቀቀው። ከሲባጎው እስከ ግድግዳው በሜትር ለካ። «ከላይ 5 ሳንቲ፣ ከታች 5 ሳንቲ ነው ጋሼ፤ ይዩት» አለኝ። ሲባጎው በነፋሱ ይወዛወዝ ነበር። ለእኔ ደግሞ ሲባጎው ራሱ ዘንበል ያለ ነው የሚታየኝ።

«ነፋስ ነው። በዚህ ነፋስ የተለካ ልኬት ልኬት አይደለም» አልኩት።

ሞርታር፣ ማለትም የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ፣ የምታቀብል አንዲት እናት ነበረች፤ እትዬ ነው የምንላት። «ጋሼ፣ ባልዲ ውሃ ላምጣ? ቱንቢው ውሃ ውስጥ ሲገባ ይረጋል» አለች። ያደግኩበት ሙያ ነው፤ ሁልጊዜ የምናደርገው ይህንኑ ነው። ውሃ ልኩ ፎቅ ላይ ከነበረው ቡድን ጋር ስለነበር ከባልዲው የተሻለ መንገድ አልነበረም። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን በባልዲ ማስፈተሽ ክብሬን የሚነካ መሰለኝ። «አያስፈልግም። ከአምስተኛው ረድፍ በላይ አፍርሰው» ብዬ ሄድኩ።

ሞርታሩ ገና ስላልደረቀ አብዛኛው ብሎኬት ተረፈ። የልጁ የግማሽ ቀን ሥራ ግን አልተረፈም፤ በካሬ ለሚከፈለው ሰው የፈረሰ ግድግዳ ያልተሠራ ግድግዳ ነው። ሳይናገር እያንዳንዱን ብሎኬት በእጁ እያወረደ ሞርታሩን ፋቀ። ያ ዝምታው እስከ ዛሬ ይታወሰኛል። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ማምሻው የመኪናውን በር ይዤ ቆሜ፣ መነጽሬን አውልቄ ስጠርግ ዓይኔ የግቢው መግቢያ ላይ ያለውን ኮለን፣ የኮንክሪት ምሰሶውን፣ አየ። ደብዘዝ ያለ ነው፣ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። መነጽሩን አደረግኩ፤ ኮለኑ ወደ እኔ ዘመመ። አወለቅኩ፤ ቆመ። ያንን ኮለን ከሦስት ሳምንት በፊት ራሴ በውሃ ልክ አስተካክዬ ነው ያስሞላሁት። ግራ ዓይኔን ሸፍኜ በቀኙ ብቻ አየሁት፣ ጥሩ ነው፤ ጠርዙም ይለያል። ቀኙን ሸፍኜ በግራው ሳይ ግን ጠርዙ ሁለት መስመር የሆነ ያህል ተደበላለቀ። ጉልበቴ ከዳኝ።

በነጋታው መነጽር ቤቱ ደርሼ የሆነውን ሁሉ እዚያ ለምትሠራው ባለሙያ ነገርኳት። ባለሙያዋ መነጽሩን ሌንሶሜትር በሚባለው የሌንስ መለኪያ መሣሪያ ላይ አስቀምጣ አየችና «ቀኙ 180 ነው። ግራው 150 ላይ ነው ያለው» አለችኝ። ከዚያ በጣቷ ግራውን ሌንስ ቀስ አድርጋ ነካችው፤ ፍሬሙ ውስጥ ዞረ። ሌንሱን ጨምድዶ የሚይዘው ብሎን ላልቷል። በቀን አሥር ጊዜ በሸሚዝ ሳሻሸው በትንሽ በትንሹ ያዞርኩት እኔው ነኝ። ሲሊንደር የሌለበት ክብ ሌንስ ቢዞር ብዙ ለውጥ የለውም፤ በየትኛውም በኩል አንድ ነው። ሲሊንደር ያለው ግን አቅጣጫ አለው፣ እንደ ቱንቢ። እንደነገረችኝ 10 ዲግሪ ሲዞር የእርማቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይጠፋል፤ 30 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ለሲሊንደሩ ምንም መነጽር እንዳላደረጉ ያህል ነው። በዚያ ላይ የአንዱ ዓይን ቀጥ ያለ መስመር ሲያጋድል የሌላው ካላጋደለ፣ አእምሮ ልዩነቱን እንደ ርቀት ያነበዋል። ግድግዳው ወደ እኔ የመጣው ለዚህ ነው።

«ታዲያ ይለመዳል ብላችሁኝ አልነበር?» አልኳት። ቁጣ አልነበረም፣ ልቤ አዝኖ ነበር።

«የሚለመደው ከቀን ቀን እየቀነሰ የሚሄደው ነው። ተሽሎት ተመልሶ ከመጣ፣ አንዱ ዓይን ብቻ ካስቸገረዎት፣ ወይም ሁለት ሳምንት አልፎም ካልተወዎት፣ ያን ቀን ነው መምጣት ያለብዎት» አለችኝ። ይህንን መነጽሩን ስቀበል ቢነግሩኝ ኖሮ እያልኩ ዛሬም እቆጫለሁ። መነጽር የሚያስረክብ ሁሉ ከ«ይለመዳል» ቀጥሎ ይህን ቢናገር ምን አለበት? ብሎኑን አጠበቀችው፣ ሌንሱን ወደ ቦታው መለሰችው፣ አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ገንዘብም አልተቀበለችኝም። ክብ ፍሬም መያዝ ከፈለግኩ በየጊዜው እንዳስፈትሸው፣ ስጠርገውም ፍሬሙን በሁለት ጣት ደግፌ ሌንሱን ሳላሽከረክር እንድጠርገው አሳየችኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ ቅዳሜ የክፍያ ቀን ነበር። ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ልጁን ጠራሁት። ያፈረሰው ግድግዳ ቀጥ ያለ እንደነበር፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ባልዲውንም እንቢ ያልኩት እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። እትዬን ይቅርታ ጠየቅኳት። የፈረሰበትን ሦስት ካሬ ተኩል ከራሴ ኪስ ከፈልኩት፤ ከአሠሪው ሒሳብ ማውጣት አልፈለግኩም። ልጁ ብሩን ሳይቆጥር ኪሱ ከተተ።

«ጋሼ፣ እንደገና የሠራሁትን አላዩልኝም» አለ።

አብረን ወደ ጓሮው ክፍል ሄድን። ነፋሱ እንደዚያው ነው። እትዬ ሳትጠየቅ ባልዲውን ሞልታ አመጣች። ልጁ ቱንቢውን ሰቅሎ ውሃው ውስጥ አስገባው፤ ሲባጎው ጥቂት ተንቀጠቀጠና ረጋ። ሜትሩን ለእኔ ሰጠኝ። ተንበርክኬ ከታች ለካሁ፣ መወጣጫው ላይ ወጥቼ ከላይ ለካሁ።

«ስንት አሉ ጋሼ?»

«5» አልኩት። «ከታችም 5።»