ስኮትላንድን በአንድ የባቡር ትኬት፦ ጉዞውን ያቀድሁበት መንገድ

በብሪታንያ የባቡር ሥርዓት ውስጥ «ሮቨር» እየተባሉ የሚጠሩ ትኬቶች አሉ። እነዚህ ትኬቶች ተጓዡን ከአንድ ጣቢያ ወደ ሌላው አድርሰው የሚያበቁ ሳይሆኑ፣ በተወሰነ ክልል ውስጥ፣ በተወሰኑ ቀናት፣ ያሻው ቦታ እየተሳፈረና እየወረደ እንዲመላለስ የሚፈቅዱ ናቸው። እኔ የመረጥሁት መላውን ስኮትላንድ የሚሸፍነውን «ስፒሪት ኦፍ ስኮትላንድ» የተባለውን ሲሆን፣ ይህም በሁለት ዓይነት ይሸጣል፤ አንደኛው በ8 ተከታታይ ቀናት ውስጥ ተጓዡ በሚመርጣቸው 4 ቀናት፣ ሁለተኛው ደግሞ በ15 ተከታታይ ቀናት ውስጥ በ8 ቀናት ለመጓዝ ያስችላል። ከባቡሩ በተጨማሪ የካሌዶኒያን ማክብሬይን ኩባንያ ጀልባዎችን፣ የተወሰኑ የአውቶቡስ መስመሮችን፣ የኤደንብራን ትራምና የግላስጎውን የምድር ውስጥ ባቡር ያካትታል። ከእንግሊዝ ለሚነሣ ሰው ትኬቱ ከድንበር ማዶ ካርላይልና በሪክ ጣቢያዎች ጀምሮ ማገልገሉ አንድ ጥቅም ነው፤ እስከዚያ ድረስ ብቻ ሌላ ትኬት መግዛት ይበቃዋል።

እንዲህ ያለ ትኬት የያዘ ሰው እንደ ልቡ የሚሄድ ይመስላል። በእርግጥ ትኬቱ አያግደውም፤ የሚያግደው የጊዜ ሰሌዳው ነው። በግላስጎውና በኤደንብራ መካከል በየሰዓቱ በርካታ ባቡሮች ሲመላለሱ፣ ከኢንቨርኔስ ተነሥቶ ወደ ሰሜኑ ጫፍ ወደ ተርሶና ወደ ዊክ በሚወስደው መስመር ግን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በቀን 4 ባቡሮች ብቻ ይሄዳሉ፤ እሑድ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ዕቅዴን የጀመርሁት ከመነሻዬ ሳይሆን ባቡር ከሚጠፋበት ጫፍ ነው። በመጀመሪያ በወረቀት ላይ ያሰፈርሁት አማራጭ የሌላቸውን መጓጓዣዎች ብቻ ነበር፤ እነርሱም ወደ ተርሶ የሚሄደው ባቡር፣ ከካይል ኦፍ ሎካልሽ የሚመለሰው ባቡር፣ ወደ ማሌግ የሚደርሰው ባቡር፣ ከማሌግ ወደ ስካይ ደሴት የሚሻገረው ጀልባ እና በደሴቲቱ ላይ ከአርማዴል ወደ ካይል የሚያደርሰው አውቶቡስ ናቸው። ከእነዚህ መካከል የቀናቱን ቅደም ተከተል የወሰነው፣ የሚገርመው፣ ከባቡሮቹ አንዱ ሳይሆን አውቶቡሱ ነበር፤ ምልልሱ ጥቂት ስለሆነና ከጀልባው ሰዓት ጋር ሁልጊዜ ስለማይገጥም፣ እርሱ በሚገኝበት ሰዓት ዙሪያ ጀልባውንም፣ የዋዜማውን ማረፊያም፣ የካይልን ባቡርም አስተካከልሁ። በትልልቆቹ ከተሞች መካከል ያለውን ክፍል በመጨረሻ ሞላሁት፤ እርሱ በየትኛውም ሰዓት ይሞላል።

ከዚህ የወጣው መስመር ቀለበት የሚመስል ነው፦ በመጀመሪያው ቀን ከግላስጎው ወደ ማሌግ፤ በሁለተኛው ከማሌግ በጀልባ ወደ ስካይ፣ ከዚያም በአውቶቡስ ወደ ካይል እና በባቡር ወደ ኢንቨርኔስ፤ በሦስተኛው ወደ ተርሶ ደርሶ መልስ፤ በአራተኛው ደግሞ ወደ ኤደንብራ። እሑድን ሆን ብዬ በኢንቨርኔስ ከማርፍባቸው፣ ትኬቱ ከማይቆጠርባቸው ቀናት አንዱ አደረግሁት። በ8 ቀናት ውስጥ 4 ቀን ብቻ መጓዝ መቻሉ ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ባቡር የሚያንስበትን ቀን ከትኬቱ ሒሳብ ውጭ ማድረግ ይቻላል።

ወሩን የመረጥሁት ብርሃንን አስቤ ነው። በሰኔ ወር በኢንቨርኔስ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ በታኅሣሥ ግን ገና ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ትገባለች፤ በዚያን ጊዜ የሚጓዝ ሰው ለመልክዓ ምድሩ ከፍሎ ግማሹን መንገድ በመስኮቱ ውስጥ የራሱን ፊት እያየ ይሄዳል። በቀዝቃዛዎቹ ወራት የማሌግ ጀልባም ምልልሱ ይቀንሳል። የሰኔ ጉዳቱ «ሚጅ» የተባለችው ደቃቅ ተናካሽ ነፍሳት ናት፤ በባቡር ውስጥ ባትገኝም በየጣቢያው መድረክ ላይ ትጠብቃለች። በተጨማሪም የብሪታንያ የባቡር ሰሌዳ በየዓመቱ በግንቦትና በታኅሣሥ አጋማሽ ገደማ ስለሚለወጥ፣ በሚያዝያ የተገኘ ሰዓት ለሰኔ ላይሠራ እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል፤ እኔም የመጨረሻውን ማጣራት ያደረግሁት አዲሱ ሰሌዳ ከወጣ በኋላ ነው።

አብራኝ የተጓዘችው እህቴ ለአጭር ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣች ስለነበረች፣ አንድ ለእኛ ብቻ የሚያስፈልግ ጥንቃቄ ጨመርሁ። የዕቅዱን ወረቀት በሙሉ እንደ ጣቢያዎቹ ሰሌዳ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፍሁት፤ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት አቆጣጠር እንዳይቀላቀል አጥብቄ ተከላከልሁ። በቃል ስንነጋገር በራሳችን አቆጣጠር ብንጠቀምም፣ የምንሳፈርበትን ባቡር የምንወስነው ከወረቀቱ ብቻ ነበር። በቀን 4 ባቡር ባለበት አገር የ6 ሰዓት ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም።

ትኬቱን የገዛሁት ከሁሉም በኋላ ነው። ዋጋው ቀደም ብሎ ለሚገዛ ስለማይረክስና ከተወሰነ ባቡር ጋር ስለማይታሰር፣ መቸኮሉ ጥቅም የለውም፤ በአንጻሩ ማሌግንና ካይልን በመሳሰሉ ትንንሽ የወደብ መንደሮች ውስጥ የሚገኙት አልጋዎች ጥቂት በመሆናቸው በበጋው ወራት ፈጥነው ያልቃሉ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሰሌዳ፣ ማረፊያ፣ ከዚያ ትኬት ነበር። ከመግዛቴ በፊትም እያንዳንዱን ጉዞ በተናጠል ብገዛው ምን ያህል እንደሚያወጣ አንድ በአንድ ደምሬ ከትኬቱ ዋጋ ጋር አነጻጸርሁ። ሚዛኑን የደፋው የአራተኛው ቀን ረጅም መንገድ ነው፤ እርሱ ባይኖር ኖሮ በተናጠል መግዛቱ ይሻል ነበር። የስኮትላንድ ባቡሮችን የሚያስኬደው ስኮትሬይል እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ያስከፍል የነበረውን ከፍ ያለ ዋጋ ስላስቀረ፣ የቀድሞ ተጓዦች የሠሩትን ስሌት እንዳለ መቀበል አይገባም። በሌሎች የብሪታንያ ክልሎች የሚሸጡ ብዙ ሮቨሮች በሥራ ቀናት ጠዋት ላይ ገደብ ስላለባቸው፣ ማለዳ የሚነሣ ባቡር ላይ የተመሠረተ ዕቅድ ያለው ሰው የትኬቱን ደንብ እስከ መጨረሻው ማንበብ አለበት።

ከግላስጎው ኩዊን ስትሪት ጣቢያ የሚነሣው የምዕራብ ሃይላንድ መስመር እስከ ፎርት ዊልያም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1894፣ እስከ ማሌግ የቀጠለው ደግሞ በ1901 ነው። ለዚህ መስመር ትኬት ብቻ መያዝ አይበቃም፤ በበጋ ስለሚሞላ ወንበር አስቀድሞ ማስያዝ ይሻላል፤ ከዚያም አልፎ ባቡሩ ክሪያንላሪክ ላይ ለሁለት ተከፍሎ አንደኛው ክፍል ወደ ኦባን ስለሚሄድ፣ የተቀመጡበት ፉርጎ የትኛው እንደሆነ ከመነሻው ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የወንበሩን ወገን በካርታ ላይ ብዙ አሰላስዬበታለሁ። መጀመሪያ ላይ የባሕር ወሽመጦቹ በስተግራ፣ ሎክ ሎመንድ የተባለው ሐይቅ ደግሞ በስተቀኝ ይታያሉ። ፎርት ዊልያም ግን የሐዲድ ማብቂያ ጣቢያ ስለሆነ ባቡሩ በመጣበት አቅጣጫ ወደ ኋላ ወጥቶ ነው ወደ ማሌግ የሚታጠፈው፤ በዚህም የተነሣ ከግላስጎው በስተቀኝ የተቀመጠ ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ በስተግራ ይሆናል። ባለ 21 ቅስቱ የግሌንፊናን ድልድይ ሲታጠፍና ሎክ ሺል የተባለው ሐይቅ ከበታቹ ሲዘረጋ በደንብ የሚታየው በስተግራ ነው። ስለዚህ ቀኙን መረጥሁ፤ ፊታችን ወደ ኋላ ሆኖ መጓዛችን ብዙም አልከበደንም።

ከዚያ በፊት ያለው የራኖክ ረግረግ ግን የትኛውም ወገን ቢቀመጡበት ያው ነው። መሬቱ ድንጋይና አፈር እየዋጠ ስላስቸገረ፣ መሐንዲሶቹ ሐዲዱን በቅርንጫፍና በጭራሮ ንጣፍ ላይ አንሳፈው ነው የዘረጉት። ኮራወር የተባለው ጣቢያ ከባሕር ጠለል በላይ 408 ሜትር ላይ ሲገኝ፣ የሕዝብ መኪና መንገድ አይደርስበትም። እዚያ ወርዶ በሚቀጥለው ባቡር መቀጠልን ትኬቱ ይፈቅዳል፤ ሆኖም የሚቀጥለው ባቡር የሚመጣው ከብዙ ሰዓታት በኋላ ስለሆነ ከዕቅዴ አወጣሁት።

በሁለተኛው ቀን ከማሌግ ወደ አርማዴል የሚደረገው መሻገሪያ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን ነፋስ ሲበረታ ጀልባ ሊሰረዝ ስለሚችል፣ በኢንቨርኔስ የሚጠብቀን ሌላ ግንኙነት እንዳይኖር አድርጌ ነበር። ስካይን ከዋናው ምድር ጋር የሚያገናኘው ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1995 ስለተከፈተ አውቶቡሱ ቀጥ ብሎ ካይል ጣቢያ ይደርሳል። ከካይል ሲነሡ ሎክ ካሮን የተባለው የባሕር ወሽመጥ በስተግራ ነው።

የሰሜኑ መስመር በአብዛኛው የሚነቀፈው በዝግታው ሲሆን፣ ነቀፋውም ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የተሠራው የዶርኖክ ወሽመጥ ድልድይ ለመኪና ብቻ ስለሆነ፣ ባቡሩ ወሽመጡን ለመዞር ወደ መሀል አገር ገብቶ በሌርግ በኩል ይጠመዘዛል፤ አውቶቡስ ይቀድመዋል። በእኔ ግምት ግን የሮቨር ትኬት ዋጋውን የሚያወጣው እንዲህ ባለ መስመር ላይ ነው፤ ለመድረስ ብቻ የሚጓዝ ሰው ይህን መስመር አይመርጥም። በርካታ ጣቢያዎች ተሳፋሪ ካልጠየቀ በስተቀር የማይቆምባቸው ናቸው፤ ለመውረድ ለባቡሩ ተቆጣጣሪ አስቀድሞ መንገር፣ ለመሳፈር ደግሞ በእጅ ምልክት ማሳየት ወይም በመድረኩ ላይ የተተከለ መጠየቂያ ካለ እርሱን መጫን ያስፈልጋል። የብሪታንያ የሰሜን ጫፍ ጣቢያ በሆነው ተርሶ ወርደን፣ ባቡሩ ተመልሶ ወደ ዊክ ሲሄድ እኛ እዚያው ቀረን።

ጉዟችን በሐዋርያት ጾም ውስጥ ስለዋለ በሶና ዳቦ ቆሎ ይዘን ነበር። ለማይጾምም ሰው ቢሆን ስንቅ መያዝ ይበጃል፤ በእነዚህ መስመሮች ላይ የምግብ ጋሪ ሁልጊዜ አይገኝም።

ከኢንቨርኔስ ወደ ኤደንብራ አጭሩ መንገድ በፐርዝ በኩል ሲሆን፣ 452 ሜትር ከፍታ ባለው በድረምአክዳር ጫፍ ያልፋል። እኛ ግን በአበርዲን በኩል ዞርን፤ መንገዱ ሁለት ሰዓት ያህል ይረዝማል። መደበኛ ትኬት የያዘ ሰው ከተፈቀደለት መስመር ሊወጣ አይችልም፤ ሮቨር የያዘ ግን መዞሩ ምንም አያስከፍለውም። በዚህ በኩል ከደንዲ በፊት ባሕሩን እየተከተሉ ወርደው በቴይ ወንዝ ላይ ያለውን ድልድይ ይሻገራሉ፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 28 ቀን 1879 በማዕበል ከነባቡሩ የፈረሰው የቀድሞው ድልድይ ምሰሶዎች ጉቶ አሁንም ከአዲሱ ጎን ውሃ ላይ ይታያል። ቀጥሎ የሚመጣው እ.ኤ.አ. በ1890 የተከፈተውና በ2015 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፎርዝ ድልድይ ነው።

ትኬቱ የማይሸፍናቸውን ነገሮችም ከወዲሁ መለየት ይገባል። በፎርት ዊልያምና በማሌግ መካከል ለጎብኚዎች የሚሄደው «ጃኮባይት» የተባለው የእንፋሎት ባቡር የራሱ ትኬት አለው፤ ግሌንፊናንን የሚያልፈው ግን በዚያው ሐዲድ ስለሆነ፣ ከመስኮት የሚታየው ነገር አንድ ነው። ከለንደን ሌሊቱን የሚጓዘው ባቡር አልጋም ለብቻው ይከፈላል። ግላስጎውን፣ ኤደንብራንና ኢንቨርኔስን ብቻ ለማየት ላሰበ ሰው ደግሞ ይህን ትኬት አልመክረውም፤ የሚሄድበትን ባቡር አስቀድሞ የሚያውቅ ከሆነ ቀደም ብለው የሚሸጡት ርካሽ ትኬቶች ይሻሉታል።