የቀኝ ክርኑ ሲነሳ

ኅዳር 2018፣ ማታ

ቅር እንዳለኝ መሸ። የከባድ ሚዛን ቦክስ ሻምፒዮኑ ዩክሬናዊው ኡሲክ ከዓለም የቦክስ ድርጅቶች አንዱ የሆነውን የደብሊው ቢ ኦን ቀበቶ ለቀቀ፤ ጊዜያዊ ሻምፒዮን የነበረው እንግሊዛዊው ዋርድሊም አንድ ቡጢ ሳይሰነዘር ሙሉ ሻምፒዮን ተባለ። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ባለፈው ጥቅምት ለንደን ላይ ፓርከርን በ11ኛው ዙር ያስቆመ ሰው ነው፤ ተራውን ማንም አልሰጠውም። ግን የከባድ ሚዛን ዘውድ ከሰው ራስ ላይ ሲወሰድ ማየት የለመደ ዓይን ከደብዳቤ ላይ ሲነበብ ይከፋዋል።

አንድ ወዳጄ ገና ዜናው እንደወጣ «ዱብዋ ይጨርሰዋል» ብሏል። እሱ እንደሆነ ሁልጊዜ የሚመርጠው ከባድ መቺውን ነው። እንግሊዛዊው ዱብዋ መምታቱን ማን ይክዳል፤ የቀድሞውን ሻምፒዮን ጆሹዋን ዌምብሌይ ላይ በ5ኛው ዙር አጋድሞታል። ነገር ግን ከዋርድሊ ጋር በቡጢ ክብደት መፎካከር እሱ በሚፈልገው ሜዳ መግባት ነው። ዋርድሊ በልጅነቱ በአማተር ቦክስ ያላለፈ፣ የቢሮ ሠራተኞች በሚጋጠሙበት ውድድር 4 ጊዜ ብቻ ተጫውቶ ወደ ፕሮፌሽናል የገባ ሰው ነው። ጥበቃው ክፍት ነው፣ ጃብ (በፊተኛው እጅ የሚሰነዘር ቀጥተኛ ቡጢ) ይበላል፣ ዙር ይሸነፋል። ከ21 ግጥሚያ 19ኙን በዝረራ ያሸነፈውም እንዲሁ ዙር እየተሸነፈ፣ ቀኝ እጁን እየጠበቀ ነው።

ሁኒን አስታውሱ፤ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ኢፕስዊች፣ በዋርድሊ የገዛ ከተማ ስታዲየም። አውስትራሊያዊው 9 ዙር ሙሉ አስተማረው፤ በሦስቱም ዳኞች ወረቀት ይመራ ነበር። በ10ኛው ወደፊት ሲገባ አንዲት ቀኝ አገኘችውና አለቀ። ፓርከርም ቢሆን ሥራውን በደንብ እየሠራ ነው የተያዘው። ሁለቱም ዋርድሊን በቦክስ ችሎታ ይበልጡታል። ታዲያ ምን አጎደሉ?

እኔ የማየው የጃብ እጅ አመላለስን ነው። ጃብ በሄደበት መስመር መመለስ አለበት፤ ወጥቶ በቀጥታ ጉንጭ ላይ። ከ8ኛው ዙር በኋላ ግን ትከሻ ይከብዳል፤ እጅ የሚመለሰው ዝቅ ብሎ፣ በደረት በኩል ዞሮ ነው። ያቺ የግማሽ ሰከንድ ክፍተት ለዋርድሊ ቀኝ በቂ ናት። ሁለተኛው ጉድለት እግር ነው። ሁለት ሦስት ቡጢ አሳርፎ እዚያው መቆም። ከመታህ በኋላ ወደ ራስህ ቀኝ መውጣት አለብህ፤ ያ ከሱ ቀኝ እጅ የሚያርቅህ አቅጣጫ ነው። ትኩስ እግር ይህን ሳያስብ ያደርገዋል። የደከመ እግር ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ቀጥ ያለ ማፈግፈግ ደግሞ ገመድ ላይ ያደርሳል።

ስለዚህ ሌላ መንገድ ይኖራል ወይ እያልኩ ነው ካባየልን የማስበው። ጀርመናዊው ራስ አያሳድድም፤ ሆድ ነው የሚያፈርሰው። ማክሙዶቭን በ4ኛው፣ ሳንቼዝን በ7ኛው፣ ዛንግን በ6ኛው፤ ሦስቱንም ሪያድ ላይ፣ ሦስቱንም በጎን ምት። ይህ ለዋርድሊ በተለይ የተሠራ ቁልፍ ይመስለኛል። ጉበት በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ነው፤ የሚጠብቀውም ቀኝ ክርን ነው። ዋርድሊ የሚተማመንባትን ቀኝ በሰነዘረ ቁጥር ክርኑ ከጎኑ ይነሳል። ተጋጣሚው በዚያች ቅጽበት ራሱን ወደ ግራው ዝቅ ካደረገ ቡጢው በላዩ ያልፋል፤ ክብደቱ ግራ እግሩ ላይ ስለሚያርፍም ግራ ሁኩ (ከጎን ዞሮ የሚገባው ቡጢ) ሳይዘጋጅ ተዘጋጅቶ ይገኛል። ጉበት የተመታ ሰው ወዲያው አይወድቅም። አንድ አፍታ ይቆማል፣ አእምሮው ንጹሕ ነው፣ ከዚያ እግሩ እምቢ ይለዋል። ጀግንነት የማይረዳበት ብቸኛ ሕመም ነው።

አደጋው ያለው ዝቅ ማለቱ ላይ ነው። ሲዘገይ ወደ ቡጢው መግባት ይሆናል። ካባየልን ዛንግ በ5ኛው ዙር መሬት አስነክቶታል። ደግሞም ካባየል በእጁ ያለው የሌላው ድርጅት፣ የደብሊው ቢ ሲ፣ ጊዜያዊ ቀበቶ ነው፤ መንገዱ ወደ ኡሲክ እንጂ ወደ ዋርድሊ አያደርስም። ቁልፉ አንድ ቤት፣ በሩ ሌላ ቤት።

አንዳንዴ እንዲያውም አዲስ ሻምፒዮንን የሚያወርደው ተፎካካሪ ሳይሆን ሚዛን ነው። አሜሪካዊው ዳግላስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1990 ቶኪዮ ላይ ታይሰንን ሲጥል 105 ኪሎ ነበር። በረጅም ክንዱ ጃቡን ሲያዘንብ አመሸ፤ በ8ኛው ወድቆ ተነስቶ በ10ኛው ጨረሰው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ከሆሊፊልድ ጋር ሲገናኝ ከ111 ኪሎ በላይ ሆኖ መጣ፣ በ3ኛው ዙር ተዘረረ። ሩዪዝም እ.ኤ.አ. በ2019 ጆሹዋን ሲያሸንፍ ወደ 122 ኪሎ ነበር፤ ከ6 ወር በኋላ ለመልሱ 128 አልፎ መጣ፣ ሙሉ 12 ዙር ሲያባርር አደረ። ሁለቱንም ያሸነፋቸው ሰው ከመምጣቱ በፊት ሰውነታቸው ነግሮን ነበር። እኔ ስለ ዋርድሊ ይህን አልፈራም። የረፈደበት መሆኑን የሚያውቅ ሰው በልምምድ አይቀልድም።

እና ወጣቱ እንግሊዛዊ ኢታውማ። እስከ ኅዳር 2018 ድረስ 13 ግጥሚያ፣ 13 ድል ነበረው፤ ዕድሜውም ገና 21 አልሞላም ነበር። ዋይትን በነሐሴ በመጀመሪያው ዙር ያጠፋው ግራኝ። ለግራኝ ሥራው ግልጽ ነው፦ የፊት እግሩን፣ ቀኙን፣ ከዋርድሊ ግራ እግር ውጭ ማስቀመጥ፤ ከዚያ ቀጥተኛው ግራ መሐል ለመሐል ይገባል፣ የዋርድሊ ቀኝ ደግሞ ረጅሙን መንገድ ትጓዛለች። እጁ ፈጣን ነው፣ አይቸኩልም፣ ዓይኑ አይጨፈንም። በመጀመሪያዎቹ 5 ዙሮች ለዋርድሊ ከዱብዋም ከካባየልም የሚከፋው እሱ ነው፤ ይህን ስጽፍ አልጠራጠርም።

ግን ዋርድሊ የሚጀምረው ሌላው ሲደክም ነው፤ ኢታውማ ደግሞ 7ኛ ዙርን ገና አላያትም። በ9ኛው፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ፣ ትከሻው ሲከብድ፣ ያ ፈጣን ቀኝ እጁ ጃቡን ጥሎ ሲመለስ በየት በኩል ይመለስ ይሆን?