ኤቲፒ ከሕዋስ ሲወጣ

ኤቲፒ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በትምህርት ቤት የተማርነው ነው፤ ሕዋስ ለሥራው የሚያስፈልገውን ኃይል የሚያገኝበት ሞለኪውል። ትምህርቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሹን ብቻ ይዟል፤ ተማሪ ሌላውን ግማሽ ሳይሰማ ባዮሎጂን መጨረሱ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ይኸው ሞለኪውል ከሕዋስ ውጭ ሲገኝ መልእክት ይሆናል። በሕዋስ ውስጥ መጠኑ በሚሊሞላር ሲለካ፣ በጤናማ አካል ከሕዋሳት ውጭ ያለው ግን በናኖሞላር (የሚሊሞላር አንድ ሚሊዮንኛ) ደረጃ የሚገኝ እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ አንድ ሕዋስ ተጎድቶ ትንሽ እንኳ ቢያፈስ ጎረቤቶቹ ወዲያው ያውቃሉ።

የፊዚዮሎጂ ተመራማሪው ጄፍሪ በርንስቶክ እ.ኤ.አ. በ1972 ኤቲፒ ከነርቭ ወደ ጡንቻ መልእክት ያደርሳል የሚለውን ሐሳብ ሲያቀርቡ ብዙ የሙያ ባልደረቦቻቸው ለዓመታት ሲጠራጠሩት ቆይተዋል፤ ጥርጣሬው የረገበው ተቀባዮቹ (በሕዋስ ገጽ ላይ ሆነው ኤቲፒን የሚለዩ ፕሮቲኖች) የሚሠሩባቸው ጂኖች በ1990ዎቹ ከተለዩ በኋላ ነው። ዛሬ ሁለት የተቀባይ ቤተሰቦች ይታወቃሉ። ሰባቱ የፒ2ኤክስ ተቀባዮች ኤቲፒ ሲያርፍባቸው በሚሊሰከንዶች ውስጥ ተከፍተው ሶዲየምና ካልሲየም የሚያስገቡ መተላለፊያዎች ሲሆኑ፣ ስምንቱ የፒ2ዋይ ተቀባዮች ደግሞ ጂ ፕሮቲን በሚባል የሕዋስ ውስጥ መልእክት አቀባይ አማካይነት ዘግየት ብለው የሚሠሩ፣ ከኤቲፒ በተጨማሪ እንደ ዓይነታቸው ኤዲፒን (ኤቲፒ አንድ ፎስፌት ሲያጣ የሚቀረው)፣ ዩቲፒንና (ኤቲፒን የሚመስል ሞለኪውል) ሌሎችንም የሚለዩ ናቸው።

የደም ሥር ሲቆረጥ የሚሆነውን ቀረብ ብለን እንመልከት። ከተጎዱት ሕዋሳትና ከፕሌትሌቶች (ደም የሚያረጉ ጥቃቅን የደም ሕዋሳት) ከረጢት ኤዲፒ ይፈስሳል። በእያንዳንዱ ፕሌትሌት ላይ ኤዲፒን የሚቀበሉ ሁለት ተቀባዮች አሉ፦ ፒ2ዋይ1 በውስጥ የተከማቸውን ካልሲየም አስለቅቆ የፕሌትሌቱን ጠፍጣፋ ቅርጽ ወደ ድቡልቡልና ሾጣጣ ይለውጠዋል፤ ፒ2ዋይ12 ደግሞ ፕሌትሌቱን የሚያረጋጋውን ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለ ሞለኪውል ዝቅ በማድረግ መጣበቁ ጸንቶ እንዲቆይ ያደርጋል። ከሁለቱ አንዱ ከታገደ ኤዲፒ የሚያስከትለው መጣበቅ በወጉ አይካሄድም። ስቴንት (የጠበበ የደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) የገባላቸው ሕሙማን የሚወስዱት፣ ደም እንዳይረጋ የሚከላከለው ክሎፒዶግሬል የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ መድኃኒቱ እንደተዋጠ ገና ሥራ አይጀምርም፣ በጉበት ኢንዛይሞች ተለውጦ ከፒ2ዋይ12 ጋር ላይለቅ ይጣበቃል፤ የተያዘው ፕሌትሌትም ዕድሜው እስኪያበቃ ድረስ ነጻ አይወጣም። ከቀዶ ሕክምና በፊት ሐኪሞች መድኃኒቱን ቀደም ብለው ለቀናት የሚያስቆሙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ያለ ሐኪም ምክር በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ስቴንቱ ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ስለሚችል እጅግ አደገኛ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን እዚያው አጠገብ የሚሆነው ነው። የደም ሥርን ውስጠኛ ገጽ የሚሸፍኑት የኢንዶቴልየም ሕዋሳት ኤቲፒና ኤዲፒ ሲደርሷቸው ካልሲየማቸው ከፍ ይላል፤ በዚህም ናይትሪክ ኦክሳይድና ፕሮስታሳይክሊን ያመነጫሉ፤ የደም ሥሩ ይሰፋል፣ ፕሌትሌቶችም እንዳይጣበቁ ይታገዳሉ። ስለዚህ በተቆረጠው ቦታ መርጋትን የሚያበረታው ኤዲፒ፣ ሽፋኑ ባልተጎዳበት አጠገብ መርጋት እንዳይስፋፋ ያግዛል። ኤቲፒ ከደም በኩል ሳይሆን ከነርቭ ጫፍ በኩል ቢመጣ ደግሞ በደም ሥሩ ግድግዳ ባለው ለስላሳ ጡንቻ ላይ ያለውን ፒ2ኤክስ1 አግኝቶ የደም ሥሩን ያጠብበዋል። የደም ፍሰት ራሱ ኢንዶቴልየሙን ሲፈገፍገው ኤቲፒ ይለቀቃል፤ ይህን ፍሰት ከሚያዳምጡት አንዱ የሆነው ፒ2ኤክስ4 የሌላቸው አይጦች የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል።

በመከላከያ ሕዋሳት ዘንድ ወሳኙ መጠን ነው። በሥርዓት የሚሞት ሕዋስ ፓኔክሲን1 በሚባል መተላለፊያ ኤቲፒና ዩቲፒ ይለቃል፤ ሞኖሳይቶች (የነጭ ደም ሕዋስ ዓይነት) ይህን በፒ2ዋይ2 ለይተው ይመጡና ያለ ብዙ ብግነት አካባቢውን ያጸዳሉ። መጠኑ እጅግ ሲበዛ ግን የማክሮፌጅ (ጀርምና የሞቱ ሕዋሳትን የሚውጥ የመከላከያ ሕዋስ) ፒ2ኤክስ7 ይከፈታል፤ ፖታሲየም ከሕዋሱ ይወጣል፤ ኤንኤልአርፒ3 የሚባለው የፕሮቲን ስብስብ ይነሣል፤ ካስፔዝ1 የሚባል ኢንዛይም ደግሞ ብግነት የሚያስነሣውን ኢንተርሉኪን-1ቤታን ቆርጦ ያነቃዋል። ሕዋሱ አስቀድሞ ሌላ የአደጋ ምልክት፣ ለምሳሌ የባክቴሪያ ቁራጭ፣ ካልተቀበለ ግን የሚቆረጠው ፕሮቲን በበቂ አይገኝም፤ ይህ ሁለት ደረጃ ያለው ጥንቃቄ አካላችን በትንሽ ምክንያት እንዳይቃጠል ይጠብቀዋል ብዬ አምናለሁ።

መልእክቱ የሚቆምበት መንገድም ራሱ መልእክት አለው። ሲዲ39 የሚባል ኢንዛይም ኤቲፒንና ኤዲፒን ወደ ኤኤምፒ (አንድ ፎስፌት ብቻ ወዳለው ዓይነት) ያወርዳል፤ ሲዲ73 ደግሞ ከኤኤምፒ አዴኖሲን ይሠራል። አዴኖሲን ኤ2ኤ የሚባለውን ተቀባይ አግኝቶ የቲ ሕዋሳትን (የታመሙ ሕዋሳትን የሚያጠቁ የመከላከያ ሕዋሳት) ግለት ያበርዳል። ብዙ የካንሰር ዕጢዎች ይህንኑ ሰንሰለት በመጠቀም ራሳቸውን ከቲ ሕዋሳት ጥቃት ይከልላሉ፤ ሲዲ73ንና ኤ2ኤን የሚያግዱ መድኃኒቶች በሕሙማን ላይ የሚፈተኑትም ይህን መከለያ ለማንሣት ነው።